ተማሪዎቼ ያረሙኝ ዓመት

የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ኅዳር ላይ ዝውውሩ ጸድቆለት ሲሄድ፣ ርዕሰ መምህራችን ወደ ቢሯቸው ጠርተው የሒሳብ መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ሌላ ሰው እስኪመደብ አንቺ ትይዥዋለሽ» አሉኝ።

እኔ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ከኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤቱ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በዘንገና ሐይቅ በኩል ካሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። እንጅባራ ቤት ተከራይቼ ስለምኖር፣ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ይዤ መገንጠያው ላይ እወርድና የቀረውን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። ጭጋጉ ሳይነሳ ክፍል የምገባባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ።

መጽሐፉን ገለጥ አደረግኩት። ከዳር እስከ ዳር በአገውኛ የተጻፈ ነው። በዚያ አካባቢ ልጆቹ በታችኞቹ ክፍሎች የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው፤ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በእኔ ክፍለ ጊዜ ይማሩታል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አገውኛ አልችልም» አልኳቸው።

«ዳንግላ አይደል እንዴ የተወለድሽው?»

«ዳንግላ ነው።»

«ታዲያ?»

ያደግኩት ቋንቋው በየገበያው ቀን በደጃችን ሲያልፍ እየሰማሁ ነው። ከገጠር የሚመጡ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው በረንዳችን ላይ ያርፉ ነበር፤ እናቴ ውኃ ትሰጣቸዋለች፣ እነሱ በአማርኛ ያመሰግኗታል፣ ከዚያ እርስ በርስ በቋንቋቸው እየተሳሳቁ ይሄዳሉ። እኔና እናቴ የምናውቀው ሁለት የሰላምታ ቃል ነው። እነሱ የእኛን መቻላቸውን እንደ ተፈጥሮ እናየው ነበር እንጂ፣ የእነሱ ቋንቋ እኔም ብቀመጥ የምማረው ነገር መሆኑ ከዚያ ቢሮ በፊት አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም።

«ቁጥር ያው ቁጥር ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ቃሉን ልጆቹ ያውቁታል። አንቺ ሒሳቡን ያዢ።»

ያላወቁት ነገር ሒሳቡም እንደሌለኝ ነው።

እኔ ራሴ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ዳንግላ፣ ማካፈል ላይ ተቸገርኩ። መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ። በስሕተት የተሞላውን ደብተሬን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ፣ አንቺ ለአማርኛ ነው የተፈጠርሽው» አሉኝ። እየተደሰትኩ ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ከበድ ባለ ቁጥር የመምህሬ ቃል ይመጣልኝና እስክሪብቶዬን አስቀምጥ ነበር። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ከሁሉም ዝቅተኛው ውጤቴ ሒሳብ ሆነ፤ ኮሌጅ ስገባ የቋንቋ ዘርፍ መረጥኩ። ማንም አልበደለኝም፤ እንዲያውም ተሞግሻለሁ። ያ ሙገሳ ምን እንዳስቀረብኝ የገባኝ ግን መጽሐፉን ታቅፌ ከቢሮው ስወጣ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጥያቄውን ከመጽሐፉ ላይ ጮክ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ። አንድ ገበሬ ዘጠና ስድስት ችግኝ በስምንት ረድፍ እኩል ይተክላል፤ በአንድ ረድፍ ስንት ይሆናል? ይህን አስቀድማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በአማርኛ ነግራኝ ነበር። ፊደሉ ግዕዝ ስለሆነ ማንበብ አያቅተኝም ብዬ ጀመርኩ። ከሦስተኛው ቃል በላይ አልሄድኩም። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ችግኝ የሚለውን ቃል ስጠራው ሌላ ነገር ሆኖ ወጥቶ ኖሯል፤ ምን እንደሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

«ዝም በሉ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ምክንያቱም ሳቃቸው ትክክል ነበር። «እሺ፣ ማን በትክክል ያነብልኛል?» አልኩ። ሃምሳ ስምንት ልጅ ባለበት ክፍል አንድ እጅ አልወጣም። ቋንቋው የገዛ ቋንቋቸው ነው፤ ሲስቁ እንደሰማሁት ሁሉም ማንበብ ይችላል። ግን ማንም ተነሥቶ መሳሳት አልፈለገም።

ይህን ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ ወንዴውን በሴቴ የተካ፣ ግሡን ያላስማማ፣ አንድ ፊደል የገደፈ ሁሉ እከብብ ነበር። አርሜ የምመልሰው ደብተር ቀይ በቀይ ሆኖ ነው የሚመለሰው። እነሱም ዘዴውን ተማሩ። ድርሰት ጻፉ ስላቸው፣ የሃምሳ ስምንቱም ደብተር ላይ አንድ ዓይነት አምስት ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ላም ወተት ትሰጣለች። በግ ሱፍ ይሰጣል። ዘንገና ሐይቅ ነው። ከዚህ ውጪ አንድ ቃል አይጨምሩም። እኔ ደግሞ መምህራን ክፍል ገብቼ «እነዚህ ልጆች መጻፍ አይወዱም» እያልኩ ስማረር ከርሜአለሁ።

በማግሥቱ አዲስ ደብተር ይዤ ገባሁ። ሽፋኑ ላይ ስሜን ጻፍኩ፣ ክፍል በሚለው ቦታ ደግሞ «አምስተኛ» አልኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የችግኙን ጥያቄ ከነመልሱ እንደምንም ጽፌበታለሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔም ተማሪ ነኝ» አልኳቸው። «በየቀኑ አንድ የሒሳብ ጥያቄ በእናንተ ቋንቋ እጽፋለሁ፤ ሠርቼ መልሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። አንዳችሁ ታርሙኛላችሁ። ከአሥር።»

ቀልድ መስሏቸዋል። ደብተሩንና ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ በዴስኮቹ መካከል ሄድኩና በመስኮቱ በኩል ለተቀመጠች አንዲት ልጅ ሰጠኋት።

ያቺን ልጅ የመረጥኳት የሒሳብ ደብተሯን አይቼው ስለነበር ነው። ንጹሕ ነበር። ቀኑና ርዕሱ በቆንጆ ጽሕፈት ይጻፋል፣ ከዚያ ገጹ ባዶ ነው። ለምን እንደማትሠራ ስጠይቃት «እኛ ሒሳብ የለንም» ነበር ያለችኝ፣ ልክ ሰው እኛ በሬ የለንም እንደሚለው፣ ሳታፍርም ሳታዝንም። አባቷ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ለአጥርና ለቅርጫት የሚያዘጋጅ ሰው ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ አማርኛዋ ዝግ ያለ ግን የተጠነቀቀ።

ጠዋት ደብተሬን መለሰችልኝ። ከአሥር አራት።

መልሱ ትክክል ነበር፤ አሥራ ሁለት ችግኝ። ጽሕፈቴን ግን ከላይ እስከ ታች አርማዋለች። በቋንቋቸው ውስጥ አንዲት ፊደል አለች፤ ከ«ገ» ጋር ትመሳሰላለች፣ ምልክት ተጨምሮባታል፣ ድምፅዋም ከአፍንጫ ነው የሚመጣው። እነሱ ቋንቋቸውን ራሱን «አውጚ» ብለው ሲጠሩ በዚህችው ፊደል ነው። እኔ በየቦታው «ገ» እያልኩ ነበር የጻፍኩት። ልጅቱ አንድ ሙሉ መስመር ጘ ጘ ጘ እያለች በቆንጆ ጽሕፈቷ ሞልታ፣ ሥሩ በአማርኛ «ቲቸር ይድገሙት» ብላ ጽፋለች።

የተሰማኝን አልረሳውም። በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ልሟገታት ነው። ፊደሏ እኮ ትንሽ ነገር ናት፤ ትርጉሙ ይገባል፤ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ስድስት ነጥብ ለምን ትቀንሺያለሽ? ከዚያ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ልደብቀው ፈለግኩ። ሁለቱንም አላደረግኩም፤ ተቀምጬ መስመሩን ደገምኩ። በእረፍት ሰዓት መጣች፣ ከጎኔ ቆማ አየችው፣ ድምፁን አስጠራችኝ፣ አምስት ስድስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሲሻለኝ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ አራቱን ሰርዛ ስድስት አደረገችው።

«እንዴ፣ ነጥብ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ይቀየራል እንዴ?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «አሁን አወቁት እኮ» አለች።

እኔ ከአንድ ዓመት በላይ ሳርም እንዲህ አስቤ አላውቅም ነበር። የዛሬ ሳምንት ያላወቀውን ዛሬ ያወቀ ልጅ፣ ውጤቱ የዛሬ ሳምንቱ ላይ ለምን ይቆያል? በዚያው ቀን ለክፍሉ ነገርኩ። የክፍል ሥራውን ወይም የቤት ሥራውን ያስተካከለ፣ እንዴት እንዳስተካከለውም ያስረዳ ልጅ ነጥቡ ይቀየርለታል፤ በሒሳብም በአማርኛም። ሥርዓቱን ያመጣችው ማን እንደሆነች አልደበቅኩም። አንገቷን ደፍታ ዴስኩን በጣቷ ስትፍቅ አየኋት።

ሒሳቡን ከእሷ ጋር የጀመርነው በእረፍት ሰዓት፣ እኔን አርማ ስትጨርስ ነው። አንድ ቀን 624 ለ6 እንድታካፍል ሰጠኋት። 14 ብላ መለሰች።

«እንዴት አገኘሽው?» አልኳት።

«ስድስት ለስድስት አንድ። ሃያ አራት ለስድስት አራት። አሥራ አራት።»

«እስቲ አሥራ አራትን በስድስት አባዢልኝ።»

ወረቀቱ ጥግ ላይ ሠራች። «ሰማንያ አራት።»

«የተነሣነው ከስንት ነው?»

«ከስድስት መቶ ሃያ አራት።»

ሁለቱን ቁጥሮች ተራ በተራ አየች። መልሱን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅኩ። ውጪ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ይጯጯሃሉ።

«በጣም ራቀ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ፣ ራቀ።»

«የሆነ ነገር ጠፍቷል።»

«የት ጋ ይመስልሻል?»

ጣቷን በሁለቱ ላይ አደረገች። «ይኼ ሁለት ለስድስት አይደርስም። ዝም ብዬ ከአራቱ ጋር ወሰድኩት።»

«ስትወስጂው በላዩ ምን ጻፍሽ?»

«ምንም።» በአንዱና በአራቱ መካከል ዜሮ አስገባች። እኔ ሳልነግራት መቶ አራትን በስድስት አባዛች። ስድስት መቶ ሃያ አራት ሲመጣላት ቀና ብላ አላየችኝም፤ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ራሷ ጻፈችና መሥራት ጀመረች።

«እኔም በአንቺ ዕድሜ ይህችን ዜሮ ነበር የምረሳት» አልኳት።

«ማን አሳየዎት?»

«ማንም። ለእናንተ ላስተምር ስዘጋጅ ነው የገባኝ። ባለፈው ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንት?» አለችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ሁሉም እንዲህ ቀና ሆነ ማለቴ አይደለም። ነጥብ ይቀየራል ሲባል፣ አንዳንዶቹ የጎበዞቹን ደብተር ገልብጠው «አስተካከልኩ» እያሉ መጡ። ሰሌዳ ላይ ወጥተው በቃል እንዲያስረዱ ማድረግ ጀመርኩ፤ ወረፋው ረዥም ሆነ፣ ክፍለ ጊዜው አልበቃ አለኝ። ከሁሉም በላይ የተቃወመኝ የክፍሉ አንደኛ ነው። «ቲቸር፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን ነው አሥር ያገኘሁት። እነሱ በአራተኛው ቀን ለምን አሥር ያገኛሉ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሴ ከስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ጥያቄ አውጥቼ መስጠት ሆነ። ተሳሳተ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በዕድሜው የሒሳብ ደብተሩ ላይ ቀይ ምልክት አይቶ አያውቅም ኖሯል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ከበድ ያለ ጥያቄ ስሰጠው «አሞኛል» ይለኝ ነበር። ከደካሞቹ ይልቅ እሱን ማስለመድ ነው ረዥም ጊዜ የወሰደብኝ። በኋላ ግን ተሳስቶ ሲመለስ «የት ጋ ነው የሳትኩት?» ማለት ለመደ፤ ያን ቀን ውስጤ ደስ አለው።

ታኅሣሥ ውስጥ የልጅቱ አባት ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ፈረሱ ላይ ቀርከሃ ጭኖ ወደ እንጅባራ ገበያ ሲሄድ ነው ጎራ ያለው። ፈረሱን አጥሩ ላይ አሰረና ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለኝ። ልጁ ከአጠገቡ ቆመች፤ አማርኛው ሲያጥረው ታቀብለዋለች።

«መምህርት፣ ልጅቱ ሒሳብ ጀመርኩ ትላለች» አለኝ።

«አዎ፣ እየሠራች ነው።»

«እኔም ሞክሬው ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። አባቴም እንደዚያው። የኛ ቤት ሰው ለቁጥር አልተሠራም። ተስፋ እንዳያሲዟት ብዬ ነው የመጣሁት፤ ኋላ እንዳትሰበር።»

ለዚህ የሚሆን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። «እርስዎ ቀርከሃውን ሲሰነጥቁት እኩል እኩል ነው የሚያወጡት። እሱም እኮ ሒሳብ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እሱ የእጅ ነው። እጄ ለምዶት ነው።»

«ሲጀምሩ ጀምሮ እንዲሁ ነበር?»

«ሲጀመርማ ማን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን አባቴ ለማገዶ ነው ያደረጋቸው።»

ልጁ በዚህ መካከል ከቦርሳዋ የእኔን ደብተር አውጥታ ይዛለች፤ ያን ቀን የእርማት ተራዋ ነበር። አባቷ አየው። «የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው። ልጅዎ ናት የምታርመኝ» አልኩት።

አላመነም። በቋንቋቸው ጠየቃት፣ እሷም ደብተሩን እየገለጠች ውጤቶቼን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። አራት፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት።

«ሦስት?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ በአማርኛ።

«ሦስትም አግኝቻለሁ።»

«አያፍሩም?»

«አፍራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ልደብቀው ነበር።»

ባርኔጣውን መልሶ ደፋና ለልጁ አንድ ነገር ነግሯት ፈረሱን ፈቶ ሄደ። ከተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው የያዝኩት። ምን እንዳለ ስጠይቃት ትንሽ አፈረች። «በደንብ አርሚያት አለኝ» አለች።

ጥር ላይ ከወረዳ የመጣ ሰው ክፍሌን ሊያይ ኋላ ተቀመጠ። የዚያን ጊዜ ንባቤ ተሻሽሏል፤ ሆኖም አንድ ቃል ላይ ተሰናከልኩ። ልጆቹ እንደለመዱት በኅብረት አረሙኝ፣ እኔም ደግሜ በትክክል ጠራሁትና ወደ ጥያቄው ሄድኩ። እንግዳው ይጽፋል። ስንወጣ የሰጠኝ ወረቀት ላይ፣ መምህርቷ በማስተማሪያው ቋንቋ ያላት ብቃት ዝቅተኛ መሆኑ፣ ተማሪዎችም መምህርታቸውን በክፍል ውስጥ ስለሚያርሙ የክፍል አያያዟ መሻሻል እንዳለበት ተጽፏል። ፈረምኩ። ሰውዬው ትሑት ነበር፤ ያየውን ነው የጻፈው።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አንብበው ጠሩኝ። «እውነት ነው?» አሉኝ።

«የመጀመሪያው እውነት ነው፤ እየተማርኩ ነው። ሁለተኛውም እውነት ነው። ግን እሱን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ለማንኛውም ሁለተኛው መንፈቅ ላይ የሒሳብ መምህር ይመጣል። ቋንቋውንም የሚችል ነው። ታርፊያለሽ።»

ለማረፍ ሁለት ወር ሙሉ ስመኝ የነበርኩ ሰው፣ ቃሉን ስሰማ ደነገጥኩ። «አምስተኛ ክፍልን አይውሰዱብኝ» አልኩ።

«ስትፈሪው አልነበረም እንዴ?»

«አሁንም እፈራዋለሁ። ግን ልጆቹ መሳሳትን አሁን ነው የለመዱት፤ መካከል ላይ ባቋርጥባቸው ይበላሻል። እኔም ክፍልፋይ ላይ ልደርስ ነው።»

ክፍልፋይ ያልኩት ሳያስቃቸው አልቀረም። «ሰኔ ላይ ውጤቱን አያለሁ» አሉኝ። አዲሱ መምህር ስድስተኛንና ሰባተኛን ወሰደ፣ አምስተኛ እኔ ዘንድ ቀረ። ክፍልፋይን ያስረዳኝ ያው መምህር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተማሪ ከወጣ በኋላ እሱ ሰሌዳው ጋ፣ እኔ ዴስክ ላይ። ስሳሳት ሳላፍር እንደምጠይቀው አይቶ ተገርሞ ነበር።

በአማርኛው በኩል ደግሞ ቀዩን እስክሪብቶ ወደ ኋላ አደረግኩት። ድርሰት ሲያመጡ መጀመሪያ የማደርገው የጻፉትን ነገር አንብቤ መመለስ ነው፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ወይም «ወንድምሽ ምን አለ?» ብዬ ከሥሩ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ መርጬ እንዲያስተካክሉ አደርጋለሁ። ላሟና በጉ ቀስ በቀስ ከደብተሮቹ ጠፉ። አንዱ ስለ አያቱ ቀብር ጻፈ፤ አንዷ ስለ ከሰል አክሳዮች፣ ዐመድ ስለለበሰው የአጎቷ ፊት። ስሕተቱ ከበፊቱ በእጥፍ በዛ፤ ገጹም እንደዚያው።

ልጅቱ መጋቢት ላይ አንድ ገጽ ተኩል አመጣች። ጥርባ በሚባለው ገደላማ ቦታ በኩል ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትሄድ ጭጋግ ወርዶባት መንገድ እንደጠፋባት፣ ከፊቷ ገደሉ ይሁን ሜዳው ሳታውቅ እንደቆመች፣ የፈረሳቸውን ሳል ሰምታ በድምፁ እየተመራች አባቷ ጋ እንደደረሰች ይናገራል። ፈረሱ በአንዱ መስመር ወንድ ነው፣ በሌላው ሴት። መካከል ላይ «ጭጋጉ ዓይኔን በላኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በአማርኛ እንዲህ አይባልም። አምና ቢሆን ከብቤ «ጭጋጉ ጋረደኝ» ብዬ እጽፍባት ነበር። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ቆየሁና ተውኩት። የእንጅባራን ጭጋግ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ በየጠዋቱ እያቋረጥኩት፣ እንደዚህ ልክ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። ፈረሱን ብቻ እንድታስማማው ነገርኳት። በሳምንቱ የጠዋት ሰልፍ ላይ ራሷ አነበበችው። አንድ ቦታ ተሰናከለች፤ ቆመች፣ ቃሉን በልቧ አንብባ ጨረሰችውና ጮክ ብላ ደግማ አለችው። ከሰልፉ ማንም አልሳቀም።

ሰኔ ላይ ርዕሰ መምህሩ እንዳሉት ውጤቱን አዩ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ሒሳብ ያላለፉ ልጆች ነበሩ፤ አልደበቅኳቸውም፣ ማንን የት ላይ እንደተውኩት አውቅ ነበር። ያለፉት ግን እሳቸውም እኔም ከጠበቅነው በላይ ሆኑ። ፈተናው ላይ ባዶ የተመለሰ ወረቀት አልነበረም፤ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። «የሚቀጥለውን ዓመትም ያዢው» አሉኝ።

ልጅቱ ከመቶ ስልሳ አንድ አመጣች። ካርድ ሲሰጥ አባቷ መጥቶ ነበር። ሒሳብ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝና አውራ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አደረገ።

«የቀረውስ?» አለ ልጁን።

«ክፍልፋይ ላይ ነው የሄደብኝ» አለች። «ክረምት እሠራዋለሁ።»

እሱም «ይሁን» አለ፣ ክረምት ላይ ስለሚታጠር አጥር እንደሚነጋገር ሰው።

በዚያው ወር ለመምህራን የክረምት ዲግሪ ትምህርት ቅጽ መጣ። አማርኛ እንደምሞላ ሁሉም ያውቃል፤ ጓደኞቼ አብረን እንሁን ብለው ሲያወሩ ከርመዋል። ቅጹን ወስጄ አንድ ቀን አሳደርኩትና ሒሳብ ብዬ ሞላሁ። ጓደኞቼ ተሳስቼ የጻፍኩ መስሏቸው ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ከበደኝ። የመጀመሪያውን ፈተና ከሠላሳ አሥራ አንድ አገኘሁ፤ ከክፍሉ ከታች ሦስተኛ ነበርኩ። ወረቀቱን ይዤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩና ሦስተኛውን ጥያቄ ሰሌዳቸው ላይ እንደገና መሥራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ውጤት ለማስጨመር የመጣሁ መስሏቸው «ፈተናው እኮ ተዘግቷል» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ ነጥብ አልፈልግም፣ የት ጋ እንደሳትኩ ማየት ነው የምፈልገው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ጠመኔ ሰጡኝ። ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ተሳሳትኩ። ሦስተኛው ላይ አሉታዊ ምልክቱን እየጣልኩት እንደሆነ አየሁ፤ ጥያቄው እስከ መጨረሻው ወጣልኝ። ሰዓቱ ለምሳ ደርሶ ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን ሳያጠፉት አራተኛውን ጥያቄ ጻፉልኝ፤ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ጠበቁኝ።